ኬላና ነፃነት
ስለ ሰከረ ሾፌርና ስለ መንገድ ምርመራ የቀረበ ማብራሪያ

በዚህ ዓመት በክፍላችን ከተደረጉት ክርክሮች መካከል ብዙ ተመልካች የሰበሰበው «ፖሊስ ያልጠረጠረውን ሾፌር በመንገድ ላይ አቁሞ የመጠጥ ምርመራ ሊያደርግበት ይገባልን?» የሚለው ነበር። ለክርክሩ የተሰጠው ጊዜ አጭር ስለ ነበር ብዙ ነገር ሳይነገር ቀረ። ስለዚህ ለክፍል ጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ይህችን ጽሑፍ አቀርባለሁ።

«በአዘና ስንት መኪና አለና ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን በገበያ ቀን መንገዱን የተመለከተ ሁሉ ባጃጁን፣ ሚኒባሱን፣ ድንችና ከሰል የጫነውን አይሱዙ ያውቃል። ከእኛም መካከል ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት በዚያው መንገድ ዳር በእግራቸው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የከተማ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አገራችን አዊ የፈረስ አገር ናት። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ሽማግሌውም ወጣቱም ፈረሱን ሸልሞ ይወጣል። ሽማግሌዎች ሲጫወቱ ጠጥቶ የተሳፈረውን ሰው ፈረሱ ከቤቱ ደጃፍ ያደርሰዋል ይላሉ። ፈረስ ገደል ሲያይ ይቆማል፤ ሰው ሲያይ ይሸሻል። መኪና ግን የራሱ ዓይን የለውም፤ ዓይኑ የሾፌሩ ዓይን፣ ልቡም የሾፌሩ ልብ ነው። ሾፌሩ ሲሰክር መኪናውም አብሮት ይሰክራል።

እንግዲህ መጠጥ በሰው አካል ውስጥ የሚያደርገውን እንመልከት። አልኮል ከጨጓራና ከትንሹ አንጀት ወደ ደም ይገባል፤ ከዚያም ወደ አንጎል ደርሶ ፍርድን ያዛባል፣ እጅና እግርን ያዘገያል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ ፍሬን ለመርገጥ ግማሽ ሴኮንድ ብቻ ቢዘገይ መኪናው ከ8 ሜትር በላይ አልፎ ሄዷል ማለት ነው። በዚያ 8 ሜትር ውስጥ አንድ ሕፃን ሊኖር ይችላል።

ጉበት አልኮልን የሚያጣራው በዝግታ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ሊትር ደም የሚወጣው ወደ 0.15 ግራም ገደማ ነው። ቡና መጠጣት ወይም ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ እንቅልፍን ያባርር እንደሆነ እንጂ አልኮሉን አያወጣውም። በፋብሪካ የተሠራ ቢራ የአልኮሉ መጠን በጠርሙሱ ላይ ይጻፍበታል፤ የቤት ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ግን ኃይላቸው እንደ ጠማቂው ይለያያል። ስለዚህ «ሁለት ብርጭቆ ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚለው ሰው ምን ያህል እንደ ጠጣ በእርግጥ አያውቅም።

ሰውነት ግን መዝግቦ ይይዘዋል። በሳንባ ውስጥ ከሚያልፈው ደም ጥቂት አልኮል ወደ ትንፋሽ ይተናል። በዚህ መሠረት ሮበርት ቦርከንስታይን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ትንፋሽን የሚለካ ለፖሊስ አገልግሎት አመቺ የሆነ መሣሪያ ሠራ። በአገራችን በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 208 ወሰኑን በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም አልኮል አድርጎት ነበር፤ ይህም በትንፋሽ ሲለካ በአንድ ሊትር አየር 0.4 ሚሊግራም ያህል ይሆናል። አዲስ አበባም በ2007 ዓ.ም. የብሉምበርግ በጎ አድራጎት ድርጅት የመንገድ ደኅንነትን ለማሻሻል ከመረጣቸው 10 የዓለም ከተሞች አንዷ ሆነች። ከዚያም በኋላ ትራፊክ ፖሊሶች በምሽት ሾፌሮችን እያቆሙ በመሣሪያ መመርመር ጀመሩ።

ቅጣትን በተመለከተ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ጠንካራ ነው። ሰው በመጠጥ ራሱን ካደነዘዘ በኋላ በቸልተኛነት ሰው ቢገድል ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራትና የገንዘብ መቀጮ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ይህ አንቀጽ የሚነሣው ለቅሶ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ክርክሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ሕግ ከለቅሶው በፊት ሊደርስ ይችላልን?

ምርመራውን ደግፈው የተናገሩት ተማሪዎች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ጠቀሱ። ሾፌሩ እስኪጋጭ ወይም መኪናው እስኪወላገድ ድረስ መጠበቅ ምን ይጠቅማል? አሉ። ለዚህ ምስክር የሚሆን የአውስትራሊያ ክፍለ ሀገር አለ። ኒው ሳውዝ ዌልስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1982 ማንኛውንም ሾፌር አቁሞ የመመርመር ሕግ አወጣች። በሚቀጥለው ዓመት በመንገድ አደጋ የሞቱት ሰዎች ቍጥር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ቀነሰ። ሕጉ የሚሠራው የሰከረውን በመያዙ ብቻ አይደለም፤ ሰው «ዛሬ እቆም ይሆናል» ብሎ አስቀድሞ ከመጠጡ እንዲታቀብ በማድረጉ ጭምር ነው።

ተቃዋሚዎቹ ግን ባዶ እጃቸውን አልመጡም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን ግላዊ ሕይወት ከመበርበር፣ በአንቀጽ 32 ደግሞ የመዘዋወር ነፃነትን እንደሚጠብቅ አሳዩ። ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው አባቷ ሾፌር የሆነ አንዲት ልጅ ያለችው ነው። «አባቴ ጠላ እንኳ አይቀምስም፤ ነገር ግን በሄደበት ሁሉ ቁም ይባላል። አንድ ፖሊስ መጠጥ ሸተተኝ ቢለው በምን ይከራከራል? ያ ቀን የእኛ እራት ነው» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ከዚያም ብዙዎች አጨበጨቡላት።

ይህ ሥጋት የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1967 የመጠጥ ወሰን በሕግ ሲደነገግ ረቂቁ ያለ ጥርጣሬ መመርመርንም ይፈቅድ ነበር፤ ስለ ነፃነት ብዙ ጩኸት ስለ ተነሣ ያ ክፍል ተሰረዘ። በአሜሪካም በሚሺጋን ግዛት ፖሊሶች በአንድ ሌሊት ለ75 ደቂቃ ያህል ኬላ አቁመው 126 መኪናዎችን አስቆሙ፤ እያንዳንዱ በአማካይ 25 ሴኮንድ ቆየ፤ 2 ሾፌሮች ተያዙ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 በ6 ድምፅ ለ3 ኬላው የተፈቀደ ነው ብሎ ፈረደ። የግዛቲቱ የራስዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1993 በእኛ ሕገ መንግሥት አይፈቀድም አለ። እንግዲህ የተማሩ ዳኞች በአንድ ኬላ ላይ ሁለት ፍርድ ከሰጡ፣ የእኛ ክፍል ለሁለት መከፈሉ አያስደንቅም።

እኔ በበኩሌ ነፃነት የሚለው ቃል ሁልጊዜ ስለ ሾፌሩ ብቻ መነገሩ አይዋጥልኝም። ባለፈው ጥር ከአንድ ሰርግ ቤት አጃቢዎችን ሊመልስ የተኮናተረው ሚኒባስ ሾፌር ከእኛ ጋር ሲጠጣ አመሸ። ሌሊት ልንነሣ ስንል አንዲት ልጅ ያዘለች እናት «ልጄ፣ ዛሬ አትንዳ፤ እደርና ጧት ትወስደናለህ» አለችው። እርሱም «መኪናው በእጄ ነው፤ የፈራ ይውረድ» ብሎ መለሰላት። እርስዋ ወረደች፤ እኛም አንድ በአንድ ተከትለናት ወረድን፤ ባዶ መኪናም ስለማያዋጣው እርሱም አደረ። በዚያች ሌሊት የሾፌሩ ነፃነት አንድ ነበር፤ የተሳፋሪዎቹ በሕይወት የመድረስ ነፃነት ግን አሥራ ሁለት ነበር። ሕገ መንግሥቱም ቢሆን በአንቀጽ 26 ያለው መብት ጤናን፣ የወንጀል መከላከልንና የሌሎችን መብት ለመጠበቅ በወጣ ዝርዝር ሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይናገራል።

ይሁን እንጂ የሾፌሩ ልጅ ያነሣችው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። መልሱን ከአባቶቻችን ሥርዓት ልናገኘው እንችላለን። በቀድሞ ዘመን አንድ ሰው «በሕግ አምላክ» ሲባል ባለበት ይቆም ነበር። አላፊ መንገደኛም ዳኛ ሆኖ ነገር ይሰማ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ በቁራኛ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ከዚህ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው የታሰረው ተከሳሹ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ከሳሹም ታስሯል።

የመንገድ ኬላም እንዲሁ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ሾፌሩን የሚያቆመው ሕግ አቋሚውንም ማሰር ይገባዋል። ይህም ማለት፤ አንደኛ፣ ፖሊስ ፊት አይቶ እንዳይመርጥ ሁሉም መኪና ወይም በተራ የተወሰነው ይቁም። ሁለተኛ፣ የሚፈርደው አፍንጫ ሳይሆን መሣሪያ ይሁን፤ ቍጥሩም ለሾፌሩ ይታየው፤ የሚጠራጠር ከሆነ ድጋሚ ይለካ። ሦስተኛ፣ ለመጠጥ ምርመራ የቆመ ኬላ ጓዝ መበርበሪያ አይሁን። አራተኛ፣ የሚከፈል ቅጣት ሁሉ በደረሰኝ ይከፈል።

ብዙ ሰዎች የትንፋሽ መለኪያውን የፖሊስ መሣሪያ ብቻ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን የንጹሑ ሾፌር ጠበቃ ነው እላለሁ። መሣሪያ በሌለበት ቦታ «ሰክረሃል» የሚለው ቃል ብቻውን ይቆማል፤ መሣሪያ ባለበት ግን ዜሮ የሚለው ቍጥር ለማንም አያዳላም። የዚያች ልጅ አባት ትንፋሹን ሰጥቶ ነፃነቱን ይዞ ይሄዳል።

ኬላው እስኪደርስ ድረስ ግን እኛም እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። ባህላችን እንግዳን «በሞቴ ጠጣ» ይላል። ለሾፌር ሲሆን ይህ ቃል የጋባዡ ሞት ብቻ አይደለም፤ የተሳፋሪው ሁሉ ሞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ፣ የተከበራችሁ ወላጆቻችን ሆይ፤ በሰርግና በማኅበር ላይ ለሾፌር ምግቡን አብዙለት፤ በጠላው ፋንታ ብርዝ ወይም ቡና ስጡት፤ የጠጣ እንደሆነም መኝታ አንጥፉለት። እናንተም ጓደኞቼ፣ የሰከረ ሰው በሚነዳው መኪና አትሳፈሩ፤ ከተሳፈራችሁም አውርደን ለማለት አትፈሩ።

የክርክሩ ዳኛ የነበሩት መምህራችን ድሉን ለደጋፊዎቹ በጥቂት ነጥብ ሰጡ። እኔ ደግሞ የሁለቱም ወገን ሐሳብ በአንድ ሕግ ውስጥ አብሮ እንዲኖር እመኛለሁ፤ መንገዱ የሾፌሩም፣ የተሳፋሪውም፣ በዳር በእግሩ የሚሄደው ተማሪም ነውና።