መፍቻው ማን እጅ ነው?

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው የአጎቴ ቀበሌ አንድ የእጅ ፓምፕ አለ። ሲመረቅ ልጅ ነበርኩ። በሬ ታርዶ፣ ንግግር ተደርጎ፣ እኛ ደግሞ እጀታውን ቀድመን ለመያዝ ስንጋፋ ትዝ ይለኛል። ፓምፑ ዛሬም ውኃ ይሰጣል። የሚሰጠው ግን ስለተመረቀ አይደለም። የውኃ ኮሚቴ አባል የሆኑ አንድ አባት መፍቻውን በማዳበሪያ ጠቅልለው አልጋቸው ሥር ያኖሩታል። ላስቲኩ በተበላ ቁጥር ፈተው የሚቀይሩት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ስሄድ «አባባ፣ ለዚህ ምን ይከፍሉዎታል?» አልኳቸው። ሳቅ አሉና «እኔስ ከዚሁ አይደል የምጠጣ?» አሉኝ።

በማግስቱ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ይህ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ለካ መልሱን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው ነበር።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጓደኛዬ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ይሠራል። ኮምፒዩተሩ አሮጌ ነው። ደንበኛ ሁሉ በፍላሹ ቫይረስ ይዞ እየመጣ ሲያስቸግረው ኡቡንቱ ጫንኩለት። ይኸው ማመልከቻውንም፣ የተማሪ ወረቀቱንም በእሱ ይሠራል። «እንዴ፣» አለኝ፣ «ይሄን ነገር ግን ማነው የሚጠግነው? በየጊዜው አፕዴት ይመጣል፣ ሒሳብ የሚጠይቀን የለም።»

ምን መሰላችሁ፣ የኡቡንቱ መሠረት ደቢያን የተባለ ሊኑክስ ነው። በፈረንጆች 1993 ተጀመረ። ባለቤት የሆነ ኩባንያ የለውም፤ የሚያስተዳድሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በ2023 የወጣው 12ኛው እትም ከ64 ሺህ በላይ ፓኬጆች አሉት። ፓኬጅ ስል የኢንተርኔት ፓኬጅ እንዳይመስላችሁ። አንድ ፕሮግራም፣ ወይም ፎንት፣ ወይም መዝገበ ቃላት፣ ለመጫን እንዲመች ተደርጎ ሲታሸግ ፓኬጅ ይባላል።

እያንዳንዱ ፓኬጅ ጠባቂ አለው። ጠባቂው ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው አይደለም። አዲሱን እትም ከጸሐፊው ይወስዳል፣ ከሌሎቹ ፓኬጆች ጋር ማስማማቱን ያያል፣ ስሞታ ይቀበላል፣ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ይደፍናል። አብዛኛው ይህን የሚያደርገው ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ ነው። ሲደክመው ደግሞ በይፋ ያሳውቃል፤ ፓኬጁ «ወላጅ አልባ» ተብሎ ይመዘገባል። ሌላ ሰው እስኪረከበው ድረስ የጋራ ቡድን ያየዋል። የሚረከበውም ሰው «ላሳድገው» ብሎ ነው የሚያመለክተው። በቃ፣ ጉዲፈቻ ማለት ነው።

ማንም ካልተረከበውስ? ፋይል አምቆ የሚያሳንስ ኤክስዜድ የሚባል ፕሮግራም አለ። በብዙ ሰርቨሮች ላይ ይገኛል። ለዓመታት በዋናነት የያዘው ላሴ ኮሊን የተባለ ፊንላንዳዊ ነበር፤ ያለ ክፍያ። መድከሙን ራሱ ተናግሯል። በዚህ መሃል ጂያ ታን በሚል ስም አንድ «አጋዥ» መጣ። ከሁለት ዓመት በላይ ሥራ እየሠራ ታመነ፤ ከዚያ የተደበቀ የኋላ በር አስገባ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ገርሞት ሲቆፍር ደረሰበት። የተበከለው እትም ደቢያን ውስጥ የገባው ገና መሞከሪያው ክፍል ላይ ነበር። ግማሽ ሰከንድ ነው ያተረፈን።

የእኛው ፊደልም በዚሁ ሰንሰለት ነው የሚመጣው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆች 1999 ነው። ግን መዝገብ ላይ መኖሩ ብቻ ስክሪን ላይ አያወጣውም። «አቢሲኒካ» የተባለው ፎንት ደቢያን ውስጥ ራሱን የቻለ ፓኬጅ ነው። የአማርኛ መጻፊያው ሌላ ፓኬጅ ውስጥ አለ። ደቢያን ሲጫን ከሚመረጡት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ የሆነውም ሰዎች ቁጭ ብለው መስመር በመስመር ስለተረጎሙት ነው። ለእንግሊዝኛው ብዙ ዓይን አለለት። የአማርኛው ሲበላሽ ግን እኛ ካልተናገርን ማን ያያል?

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ራሴ ለዓመታት በነፃ ተጠቅሜያለሁ። ስህተት ሳይ «አይረባም» ብዬ ነው የማልፈው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን አፕዴት ማጣት ምን እንደሆነ አየሁት። የጓደኛዬ ኮምፒዩተር ለወራት ያለ ጥገና ቆመ። ጠባቂ የሌለው ፓኬጅ ዕጣው ያው ነው፤ ልዩነቱ ኢንተርኔት ቢኖርም የሚመጣ ነገር አለመኖሩ ነው።

ለመጀመር ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። ደቢያን ላይ ስህተት የሚመዘገበው በኢሜይል ነው፤ ስልካችሁ ይበቃል። የትኛው ፓኬጅ፣ የትኛው እትም፣ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ሆነ፤ አራቱን በቀላል እንግሊዝኛ መጻፍ ነው። ትርጉም ማረም የሚችል ደግሞ ትርጉሙን ያርም።

ያን ቀን ከጓደኛዬ ጋር አንድ የተሳሳተ የአማርኛ ትርጉም መርጠን የመጀመሪያችንን ላክን። «መልስ ባይሰጡንስ?» አለኝ። ሳልመልስለት አንዲት እናት ገቡ። የዕድር ደንብ ነበር፤ ዐሥር ቅጂ ይፈልጋሉ።