ራውተር ልግዛ ወይስ አዲሱን ልጠብቅ?

ነገሌ ቦረና ላይ ቤቱ ዋይፋይ ለማስገባት ያሰበ ሰው ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። ሱቅ ውስጥ «የመጨረሻው ሞዴል ይሄ ነው፣ ሳያልቅ ይውሰዱት» ይሉታል። አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ዘመድ ደግሞ «አሁን እንዳትገዛ፤ ዋይፋይ 7 ወጥቷል፣ 8ም እየመጣ ነው» ይለዋል። የዘመድዎ ወሬ እውነት ነው። ለእርስዎ ቤት ግን ብዙ የሚለውጠው ነገር የለም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ዋይፋይ ማለት ራውተሩ ከስልክዎና ከቲቪዎ ጋር ያለ ሽቦ የሚገናኝበት የሬዲዮ ሞገድ ነው። አሠራሩ በየጥቂት ዓመቱ ይሻሻልና አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። ዋይፋይ 4 በፈረንጅ 2009 የጸደቀ ነው፤ 5 በ2013፣ 6 በ2019፣ 7 ደግሞ በ2024 መጀመሪያ ላይ ገበያ ያዙ። 8ን የሚያዘጋጁት መሐንዲሶች ሥራውን በ2028 ለመጨረስ አቅደዋል። ስለዚህ «አዲስ ሊመጣ ነው» የሚለው ወሬ መቼም አይቆምም። ይህን እየሰሙ መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

«አዲሱ አይፈጥንም ወይ?» ይፈጥናል። የሚፈጥነው ግን ከራውተሩ እስከ ስልክዎ ባለው ርቀት ብቻ ነው። ከውጭ ወደ ቤትዎ የሚገባውን ኢንተርኔት የትኛውም ራውተር አያፈጥነውም። በቁጥር እንየው። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት ነው፤ 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ይሆናል። መስመርዎ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ከሆነ 60 ሜጋባይት የሚመዝን ቪዲዮ ለማውረድ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። ራውተሩ ዋይፋይ 4 ቢሆንም 7 ቢሆንም ያው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ርካሹ የዋይፋይ 4 ራውተር እንኳ በቅርብ ርቀት ከዚህ መስመር ብዙ እጥፍ ያሳልፋል።

ስልኩም ራሱ አለ። የዋይፋይ 7 ጥቅም የሚገኘው ስልኩም ዋይፋይ 7 ሲሆን ነው። በየቤቱ ያለው ርካሽ ቴክኖና አይቴል ስልክ አብዛኛው ዋይፋይ 4 ወይም 5 ነው። አዲስ ራውተር ከአሮጌ ስልክ ጋር ይሠራል፤ አሮጌ ራውተርም ከአዲስ ስልክ ጋር ይሠራል። ሁለቱ የሚግባቡት ግን በደካማው አቅም ነው።

አንድ የሚያደናግር ነገር እዚሁ ላንሳ፤ ብዙ ሰው ያለአግባብ ገንዘብ የሚያወጣበት ስለሆነ። ራውተሩን ሲያበሩ ስልክዎ ላይ ሁለት ስም ሊወጣ ይችላል፤ የአንዱ መጨረሻ ላይ «5ጂ» የሚል አለ። ሻጩም ይህን እያሳየ «5ጂ ራውተር ነው» ሊልዎት ይችላል። አይደለም። እዚህ ላይ 5ጂ ማለት 5 ጊጋኸርዝ፣ የዋይፋዩ ሞገድ ዓይነት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሙከራ የጀመረው አምስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ሌላ ነገር ነው። ሁለት ሞገድ ያለው ራውተር፣ ማለትም ዱዋል ባንድ የሚሉት፣ ጥሩ ነው። 2.4 ጊጋኸርዙ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል፤ ፍጥነቱ ግን ዝቅ ያለ ነው። 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ሆኖ አንድ ሁለት ግድግዳ ሲያጋጥመው ይደክማል። ከዋናው ቤት ጀርባ ላለው ሰርቪስ ቤት የሚደርሰው የመጀመሪያው ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥርስ? «ኤሲ 1200» ሲል የሁለቱን ሞገዶች ከፍተኛ ፍጥነት ደምሮ ነው፤ 300 እና 867 ገደማ። አንድ ስልክ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይጠቀምም። ቁጥሩም በቤተ ሙከራ እንጂ በብሎኬት ቤት ውስጥ የተለካ አይደለም።

አሁን ዋናውን ጥያቄ ልጠይቅዎት። ኢንተርኔቱ ወደ ቤትዎ የሚገባው በምንድን ነው? ይህን ሳያውቁ ሱቅ አይሂዱ። የሚገዛው ዕቃ የሚለየው በዚህ ነው፤ የግዢ ስህተትም በብዛት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

በመዳብ የስልክ ሽቦ ከሆነ የሚያስፈልግዎት ኤዲኤስኤል የሚል ሞደም ያለው ራውተር ነው። ከጀርባው ትንሿ የስልክ መሰኪያ መኖሯን ይዩ። ተራው ራውተር ይህች መሰኪያ የለውም፤ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ለዚህ መስመር አይሆንም።

በፋይበር ከሆነ፣ ማለትም ብርሃን በሚያስተላልፈው ቀጭን የመስታወት ክር ከሆነ፣ መጀመሪያ ምንም አይግዙ። መስመሩ ሲገባ የሚተከለው ሳጥን ብዙውን ጊዜ ዋይፋይ አብሮት አለው። ለአንድ መካከለኛ ቤት ይኸው ይበቃል። ፋይበር ሰፈርዎ መድረሱን በ994 ደውለው ወይም ከተማዎ ካለው የኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎት ማዕከል ይጠይቁ። በነገሌም በያቤሎም በሞያሌም መልሱ ከሰፈር ሰፈር ይለያያልና ጎረቤትዎ ስላለው ብቻ ለእርስዎም አለ ብለው አይደምድሙ።

ሁለቱም ከሌሉ የሚቀረው ሲም የሚገባበት ራውተር ነው። የሞባይል ኔትወርኩን ይቀበልና በዋይፋይ ያከፋፍላል። እዚህ ላይ የዋይፋዩን ቁጥር ይርሱትና ሦስት ነገር ይዩ። አንደኛ፣ 4ጂ መሆኑን። ሁለተኛ፣ አለመቆለፉን፤ የተቆለፈ ማለት የአንድ ድርጅትን ሲም ብቻ እንዲቀበል የተደረገ ነው። ሦስተኛ፣ ባንድ 3 የሚባለውን 1800 ሜጋኸርዝ መያዙን። ኢትዮ ቴሌኮም 4ጂ መጋቢት 2007 ዓ.ም. ሲጀምር በዚሁ ሞገድ ነበር፤ ይህን የማይዝ ራውተር እዚህ አገር ጎደሎ ነው። ከሁሉ የሚሻለው የራስዎን ሲም ይዘው ሄደው፣ ሻጩ ፊት አስገብተው፣ አንድ ቪዲዮ ከፍተው ማየት ነው። ደህና ሻጭ አይከፋውም።

ይህ የሙከራ ነገር ከሞያሌ ማዶ ለሚመጣ ዕቃ ይበልጥ ይሠራል። ዋጋው ደስ ይላል፤ ብዙው ግን ለኬንያ ሲም የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ቁልፉን እከፍታለሁ የሚል ባለሙያ ቢገኝም የሚከፈለው ገንዘብ ቅናሹን ይበላዋል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ከሆነ ደግሞ ከመሰካትዎ በፊት አዳፕተሩ ላይ ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ ያንብቡ። «100–240 ቮልት» ካለ ችግር የለውም። «120 ቮልት» ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል፤ ሌላ አዳፕተር ይፈልጉ።

ወጪውን እናስላ። ራውተሩ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ኪስ የሚጎዳው የወሩ ሂሳብ ነው። በስልክ ሽቦ ወይም በፋይበር ሲሆን ብዙውን ጊዜ በፍጥነቱ ልክ ወርሃዊ ይከፍላሉ፤ ልጆቹ ያሻቸውን ያህል ቢያዩ ሂሳቡ አይጨምርም። በሲም ሲሆን ግን ፓኬጁ በጊጋባይት የተለካ ከሆነ ያልቃል። ዩቲዩብ በመካከለኛ ጥራት በሰዓት ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ በከፍተኛ ጥራት እስከ 3 ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል። ሁለት ልጆች ማታ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት በመካከለኛ ጥራት ቢያዩ በቀን 2፣ በወር 60 ጊጋባይት ነው። ራውተር ከመግዛትዎ በፊት የ60 ጊጋባይት ፓኬጅ ዋጋ በቴሌብር ወይም፣ ሳፋሪኮም ከተማዎ ካለ፣ በኤምፔሳ መተግበሪያ ላይ ያመሳክሩ። ያ ቁጥር ካስደነገጠዎት ራውተሩን ይተዉት፤ ለጊዜው የስልክዎ ሆትስፖት ይበቃዎታል። ከገዙም ስልኮቹ በራሳቸው አፕዴት እንዳያደርጉ ያጥፉት፤ ዋይፋይ ባገኙ ቁጥር ሳይነግሩዎት ብዙ ጊጋባይት ይበላሉ።

መጠበቅም ራሱ ዋጋ አለው። ራውተር ከውጭ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አልፏል። በዚያ ክረምት «አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ይረክሳል» ብሎ የጠበቀ ሰው አሮጌውንም በውድ ገዝቷል።

የመብራት ሂሳቡ ቀላል ነው። 8 ዋት የሚወስድ ራውተር ሌት ተቀን ቢበራ በወር 6 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። የሚያስቸግረው መብራቱ ሲሄድ ነው። ብዙው ራውተር የሚሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ ለዚሁ የተሠራ ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም ባትሪ ያለው አዳፕተር፣ ሦስት አራት ሰዓት ያቆየዋል። ሶላር ካለዎት ደግሞ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የሆነችው ትንሽ ባትሪ ግማሽ አቅሟን ብቻ ቢጠቀሙ እንኳ አምስት ሰዓት ታስኬዳለች። በቀጥታ ግን አያገናኙት፤ ባትሪ ሲሞላ ከ14 ቮልት ስለሚያልፍ መሃል ላይ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዕቃ ያስፈልጋል። 9 ቮልት የሚል ራውተርም አለ፤ እሱን 12 ላይ መሰካት ማቃጠል ነው። እኔ ብሆን ለአዲስ ሞዴል የምጨምረውን ብር እዚህ ላይ አውለው ነበር። ነገር ግን የሰፈሩ የኔትወርክ ታወር ራሱ መብራት አጥቶ ከጠፋ የእርስዎ ባትሪ አያድንም።

ሙቀቱን አይርሱ። አብዛኛው ራውተር የተሠራው እስከ 40 ዲግሪ ለሚደርስ ሙቀት ነው። ዶሎ ኦዶ ወይም ሞያሌ ላይ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ከሰዓት በኋላ ይህ ይታለፋል፤ ራውተሩም ይቆራረጣል ወይም ራሱን እያጠፋ ያበራል። ሰው ኔትወርኩን ይረግማል። ከጣሪያው አውርደው በሰው ቁመት ልክ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ያስቀምጡት። ዳንቴልም አያልብሱት፤ ቲቪው ላይ ሲያምር እሱን ግን ያፍነዋል።

ቦታው ሌላም ነገር ይወስናል። ቆርቆሮ፣ የብረት በርና የብረት ቁም ሳጥን ሞገዱን ይመልሱታል። ሲም የሚገባበት ከሆነ ታወሩ ወዳለበት አቅጣጫ ባለ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ ሳያገኘው ይሁን፤ የኔትወርክ መብራቶቹን እያዩ ቦታ ይቀያይሩ። ዋይፋዩ ሰርቪስ ቤቱ አልደርስ ካለ «ሲግናል ማባዣ» ለመግዛት አይቸኩሉ፤ ብዙው ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳል። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። በግቢው በኩል ኬብል ዘርግቶ ጫፉ ላይ ርካሽ ወይም ያገለገለ ራውተር መሰካት የተሻለ ይሠራል።

እንግዲህ የትኛውን? ለመስመርዎ የሚሆን፣ ዱዋል ባንድ የሆነ፣ ዋይፋይ 5 ከሆነ በቂ ነው። ዋይፋይ 6 በትንሽ ልዩነት ከተገኘ ይውሰዱ፤ ብዙ ስልክ በአንድ ጊዜ ሲጠቀም ይሻላል። ለ7 ተጨማሪ ብር አይክፈሉ። ደረሰኝና የዋስትና ጊዜ ይጠይቁ፤ ነገሌ ላይ የተበላሸን ዕቃ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አዲስ አበባ መላክ ቀልድ አይደለም። ያገለገለ ከገዙ ከጀርባው ያለችውን «ሪሴት» ቀዳዳ በመርፌ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭነው የቀድሞውን ባለቤት ነገር ሁሉ ያጥፉ።

ቤት ሲደርሱ ሁለት የይለፍ ቃል ይቀይሩ። አንዱ የዋይፋዩ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን የሱቁ ሰው ሁሉ አይቶታል። ሁለተኛው የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ነው፤ ፋብሪካው ብዙ ጊዜ «አድሚን» ብሎ ይተወዋል። ማስተካከያው ውስጥ የጥበቃ ዓይነት ሲጠይቅዎት ደብሊውፒኤ 2 ወይም 3 ይምረጡ። በየወሩ መጀመሪያ ላይ ስንት ስልክ እንደተገናኘ እዚያው ገጽ ላይ ይዩ፤ ከቤተሰቡ ቁጥር በላይ ካገኙ የዋይፋዩን ቃል እንደገና ይለውጡት።