ተጠያቂው ገበሬ የጥናቱን ውጤት መቼ ይሰማል?

በምንጃር ሸንኮራዋ ከተማ በአረርቲ ስም የሚጠራ የካቡሊ ሽምብራ ዝርያ አለ። ዝርያውን እ.ኤ.አ. በ1999 የለቀቀው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ይህ ምርምር ምን እንዳመጣለት ለገበሬው የሚያስረዳው አላስፈለገም፤ ዘርቶ አጭዶ፣ ገበያ አውጥቶ አይቶታል።

ከዘሩ በኋላ ጠያቂዎች መጡ። እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ2010 እና በ2014 በምንጃር ሸንኮራ፣ በጊምቢቹና በሉሜ ኤጀሬ ቤተሰቦች ስለ ማሳቸውና ስለ ገቢያቸው ተጠየቁ። የተሻሻለ ሽምብራ የሚዘሩት ከ30 በመቶ ገደማ ተነስተው ወደ 80 በመቶ መጠጋታቸው ታወቀ። ይህ መልካም ዜና ለዓለም ምሁራን የተነገረው በእንግሊዝኛ ነው።

ምንጃር ሸንኮራ ያለበት ሰሜን ሸዋ መጠየቅን ለምዷል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚያው መንዝ ተቀምጦ ያጠናውን «ሰምና ወርቅ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1965 አሳተመ። ስለ አማራ ጠባይ የጻፈውን የተማሩ ኢትዮጵያውያን ተከራከሩበት፤ ፊደል ያልቆጠረው የመንዝ ገበሬ ግን ከክርክሩ ውጭ ቀረ። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2009 በዘለቀው የገጠር ቤተሰቦች ጥናትም የአንኮበሯ ዲንኪና የደብረ ብርሃን ዙሪያ መንደሮች በተደጋጋሚ ተጠይቀዋል።

የመጠየቁ ጭንቅ ከደጃፍ ይጀምራል። ተመራማሪው የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ወረዳ ይገባል፤ ወረዳው ወደ ቀበሌ ይመራዋል፤ የቀበሌ ሰው ቤት ድረስ ያደርሰዋል። ከዚያ «ፈቃደኛ ነዎት?» ይባላል። በማዳበሪያውና በመሬት ደብተሩ ጉዳይ ነገ ደጅ የሚጠናው ሰው አጠገቡ ቆሞ እንቢ ማለት ለገበሬው ይከብዳል። ያለ ቀበሌ መግባት ደግሞ ጠያቂውንም ተጠያቂውንም ያስጠረጥራል።

ስም መደበቅም ቀላል አይደለም። «ጠላ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ ባሏ የሞተባት ሴት» ተብሎ ቢጻፍ፣ ስሟ ባይጠራም የጎጡ ሰው ሁሉ ያውቃታል። በአጨዳ ወቅት ለጠፋው ግማሽ ቀን መክፈል መልሱን መሸመት ሊመስል ይችላል፤ አለመክፈል ደግሞ የድሃን ጉልበት በነጻ መውሰድ ነው።

እነዚህን ጭንቆች አንድ ደንብ አይፈታቸውም። አንዱ ዕዳ ግን አያከራክርም፤ የተገኘውን ለባለቤቱ መመለስ። የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የሥነ ምግባር መርሆው ውጤት ለሰው እንዲደርስ አሳስቧል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎችም ከዚህ ማነስ የለባቸውም። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች መጠይቁን ከማጽደቃቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ፈቃዱ ባለሥልጣን በሌለበት ይወሰዳል? ውጤቱ ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ በዕድር ወይም በቀበሌ ስብሰባ ይነበባል? «ይህ ልክ አይደለም» የሚል ከተነሳ፣ ቃሉ በጥናቱ ይገባል? ለሦስቱም መልስ የሌለው ጥናት የአረርቲ ገበሬ ደጅ መድረስ የለበትም።