ክትባትና የበረዶ ፊዚክስ፦ ከጅማ እስከ ጤና ኬላ

ክትባት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መርፌውን ነው። ይሁን እንጂ በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት ዙሪያ ባለ ጤና ኬላ አንድ ሕፃን ከመከተቡ በፊት ክትባቱ ረጅም ጉዞ ያደርጋል። የጉዞውን የመጨረሻ ክፍል በፊዚክስ ዓይን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተው ጋቪ የተባለው የክትባት ኅብረት መንግሥታትን፣ የዓለም ጤና ድርጅትን፣ ዩኒሴፍን፣ የዓለም ባንክንና አምራቾችን ያገናኛል። የብዙ አገሮች ፍላጎት ተደምሮ ግዢው በአንድነት ሲፈጸም ዋጋው ይቀንሳል። ኢትዮጵያም ከወጪው ድርሻዋን እየከፈለች፣ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ ቴታነስን፣ ሄፓታይተስ ቢንና ሂብ የተባለውን ባክቴሪያ በአንድነት የሚከላከለውን ክትባት እ.ኤ.አ. በ2007፣ የሮታ ቫይረስን ደግሞ በ2013 ጀምራለች።

እነዚህ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለባቸው። መብራት በሌለበት ቀበሌ ይህን የሚጠብቀው በትከሻ የሚንጠለጠል ሣጥን ነው። በውስጡ 1.6 ኪሎ ግራም በረዶ አለ እንበል። አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ሲቀልጥ መጠነ ሙቀቱ ሳይለወጥ 334 ኪሎ ጁል ይወስዳል፤ ሁሉም ለመቅለጥ 534 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልገዋል ማለት ነው። በሣጥኑ ግድግዳ 5 ዋት ሙቀት ቢገባ በረዶው 30 ሰዓት ያህል ይቆያል።

ታዲያ በረዶው በጣም በቀዘቀዘ ቁጥር ይሻላል? አይሻልም። ከበረዶ መሥሪያው ወዲያው የወጣ አይስ ፓክ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። አምስቱን በሽታዎች የሚከላከለው ክትባት የአሉሚኒየም ጨው አለበት፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ቅንጣቶቹ ይጣበቃሉ፣ ቢቀልጥም ኃይሉ አይመለስም። በብልቃጡ ላይ ያለው ምልክት ሙቀት ሲበዛ ቀለሙን ይለውጣል፤ በረዶ መሥራቱን ግን አያሳይም። ስለዚህ ሕፃኑ ተከትቧል ተብሎ ይመዘገባል፣ ለበሽታው ግን እንደተጋለጠ ይቀራል።

መከላከያው ቀላል ነው፤ አይስ ፓኩን አውጥቶ፣ ሲነቀነቅ ውስጡ የውኃ ድምፅ እስኪሰማ መጠበቅ። በረዶና ውኃ አብረው ሳሉ መጠነ ሙቀታቸው 0 ዲግሪ ነው፤ ክትባቱ በረዶ የሚሠራው ግን ከዚያ ጥቂት ዝቅ ሲል ነው።

በቡና ለቀማ ወቅት የቀን ገቢዋን ትታ ልጇን አዝላ የምትመጣ እናት የብልቃጡን ታሪክ አታውቅም፤ አምና ትመጣለች እንጂ። ኅብረቱ ከውጭ ያመጣውን ክትባት ለልጇ የሚያተርፈው፣ ጠዋት ሣጥኑ ሲዘጋጅ በትዕግሥት የሚጠበቁት ደቂቃዎች ናቸው። በክፍል ውስጥ ስለ በረዶ መቅለጥ የምንማረው ሕግ ከፈተና ወረቀት ያለፈ ጥቅም እንዳለው የምንረዳውም እዚህ ላይ ነው።