የጣና ዳር አልጋ ሒሳብ፦ ከመናኸሪያው እስከ ውኃው ጫፍ

ባሕር የሌላት አገራችን ባሕር ዳር የሚባል ከተማ አላት። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች፣ ከዚያም በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ድንበሩ ከተዘጋ በኋላ ምጽዋ ወርዶ በጨው ውኃ መታጠብ ለኢትዮጵያዊ ወግ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ለጎጃም ነጋዴ ግን ነገሩ ብዙም አልጎደለበትም። የእርሱ ባሕር ዱሮም ጣና ነው። ዘንባባው፣ ዓሣው፣ ጀልባው፣ አመሻሽ ላይ ከውኃው የሚነሣው ነፋስ ሁሉም እዚያው ነው። የጎደለው አልጋው በምን ሒሳብ እንደሚመረጥ የሚነግረው ሰው ነው።

ከምሥራቅ ጎጃም ወደ ባሕር ዳር የሚያስገቡት መንገዶች ሁለት ናቸው። የአማኑኤል ሰው በደንበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ ዞሮ ይመጣል። የቢቸናው በሞጣና በአዴት በኩል ይቆርጣል፤ ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጤፍ አራግፎ ሒሳቡን የሚጠብቀውም፣ ለባንክ ጉዳይ የመጣውም፣ ልጁን ሊያስመርቅ ቤተሰቡን ይዞ የገባውም ከመኪና ሲወርድ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «አልጋ ስንት ነው?» ይላል። በገበያ ቋንቋ ይህ ጥያቄ ጎዶሎ ነው። ጤፍ ሲገዛ ማኛ ነው ወይስ ሠርገኛ፣ ጆንያው ይታሰባል ወይስ አይታሰብም፣ ጭነቱ በማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልጋ ላይ ሲደርስ ዋጋ ብቻ ሰምቶ ቁልፍ ይቀበላል።

ዕቃ ፍለጋ ቱርክ የሚመላለሱ ነጋዴዎች አንታሊያ ላይ አንድ ነገር ሳያስተውሉ አይቀሩም። በሜዲትራኒያን ዳርቻ የሆቴል ዋጋ የሚወሰነው ከውኃው በስንተኛው ረድፍ ላይ እንዳለ ነው። ባሕሩን የሚያይ መስኮት አንድ ዋጋ አለው፣ ጓሮውን የሚያይ ደግሞ ሌላ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው ቤት ክፍሉ የቱንም ያህል ቢያምር ርካሽ ነው። ባሕር ዳርም በዚሁ ትመዘናለች፤ ነገር ግን ሁለት ልዩነቶች ዋጋውን ያናጉታል። አንደኛ፣ አንታሊያ ላይ በብዙዎቹ ሆቴሎች ቁርስ፣ ምሳ፣ እራትና መጠጥ በአንድ ዋጋ ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ ባሕር ዳር ላይ የሚሸጠው አልጋ ነው፣ ቢበዛ ከነቁርሱ። ሁለተኛው ልዩነት ግን የሚበልጠው ነው፤ ጣና አይዋኝበትም።

የሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖርበት ነው። ልጅ ይዞ የመጣ ሰው «ውኃው ዳር ነን» ብሎ ልብሱን ማውለቅ የለበትም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ረድፍ የሚከፈለው ጭማሪ የሚገዛው ለዓይን ነው፤ ገላ የሚነክረው መዋኛ ገንዳው ነው። መዋኘት የሚፈልግ ቤተሰብ ገንዳ ያለው ሆቴል ይፈልግ እንጂ ለሐይቅ ዕይታ ብቻ አይክፈል። ከሐይቁ ራቅ ያለው ፓፒረስ ሆቴል ለረጅም ጊዜ ስሙ የተነሣው በገንዳው ነበር።

በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ካሉት ጊዮን ሆቴል በዕድሜ አንጋፋ ነው፤ መሀል ከተማ፣ ጀልባው ከሚነሣበት አጠገብ፣ ትልልቅ ዛፎች ባሉበት ግቢ ውስጥ ይገኛል። ጣና ሆቴል ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር ያለ ነው፤ የፀሐይ መጥለቂያውን የሚወድ ይመርጠዋል፣ እግረኛ ግን ለባጃጅ ይከፍላል። ቢሾፍቱ ላይ ስም ያተረፈው ኩሪፍቱም በጣና ዳር ሪዞርት አለው፤ ከፍ ባለ በጀት ለመጣ ሰው የተሠራ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያደርገው አንድ ብልሃት አለ። የሐይቅ ዳር ሆቴል ግቢ ለሚያድር ብቻ አይደለም፤ ቡና አዝዞ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ያንኑ ውኃ ያያል። አልጋውን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይዞ ማምሻውን አንደኛው ረድፍ ላይ የሚያሳልፍ ነጋዴ ከሁለቱም ወገን አተረፈ ማለት ነው።

ሁለተኛው ረድፍ በዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ የቆሙት ባለ ፎቅ ሆቴሎች ናቸው። ሊፍት፣ ጀነሬተር፣ የስብሰባ አዳራሽ፣ ጥበቃ ያለው መኪና ማቆሚያ አላቸው። የእነዚህ ቤቶች እውነተኛ ደንበኛ ቱሪስት ሳይሆን ተሰብሳቢ ነው። ከተማዋ የክልሉ መቀመጫ በመሆኗ ቢሮው፣ ፕሮጀክቱ፣ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ይይዛል፤ አበል የተቆረጠለት ሰው አልጋ ይይዛል። የክፍሉን ዋጋ የሚተምነው ይኸው አበል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚህ የሚገኘው ትርፍ ለነጋዴው ነው፤ ስብሰባው ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለሆነ ዓርብ ማታ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ የሚመጣ ሰው ቆጣሪው ላይ ያለውን ዋጋ እንደ ዳኛ ፍርድ መቀበል የለበትም፤ ሁለት ሌሊት አድራለሁ ብሎ ቅናሽ ይጠይቅ።

በመናኸሪያውና በገበያው አካባቢ ያሉት አልጋ ቤቶችና ፔንሲዮኖች ሦስተኛው ረድፍ ናቸው። እዚህ ከመክፈል በፊት ክፍሉን ገብቶ ማየት ግድ ነው። ሻወሩ የግል ነው ወይስ የጋራ? ሙቅ ውኃው ማታም ይመጣል ወይስ ጠዋት ብቻ? ከታች መጠጥ ቤት ካለ ሙዚቃው ስንት ሰዓት ይዘጋል? ከሁሉ በፊት ግን አጎበር አለ ወይ? ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ብትሆንም ወባ አለባት፤ ከደጋ የሚወርደው የማቻከል ሰው ይህን ይረሳዋል። በአልጋ ላይ ያዳነውን ብር ለመድኃኒት ይከፍለዋል።

ደላላን በተመለከተ ለደላላ መንገር አያስፈልግም፤ ቢሆንም ይነገር። «ጥሩ ቤት አሳይሃለሁ» ብሎ ሻንጣ የሚቀበል የባጃጅ ሾፌር ከቤቱ ኮሚሽን ሊኖረው ይችላል፤ ኮሚሽኑም ዞሮ ከእንግዳው ኪስ ነው የሚወጣው። ብቻውን ገብቶ ዋጋ የጠየቀና ታጅቦ የገባ ሰው አንድ ዋጋ ላይነገራቸው ይችላል።

አሁን ወደ ደረሰኙ። ከፍ ባሉት ቤቶች የሚነገረው ዋጋ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አይደለም። 2,000 ብር ተብሎ የተነገረ ክፍል 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲታከልበት 2,200፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጣልበት 2,530 ብር ይሆናል። ሦስት ሌሊት ላደረ ሰው 6,000 ብር መስሎት 7,590 ይከፍላል ማለት ነው። «ይህ ዋጋ ሁሉን ጨምሮ ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ለ1,590 ብር ድንጋጤ መድኃኒት ናት። ለታክሱ ያልተመዘገበ ትንሽ ቤት ግን 15 በመቶውን ሊጠይቅ አይችልም። ለሥራ የወጣ ሰው ደግሞ ደረሰኝ ይያዝ፤ ያለ ደረሰኝ የታደረ አልጋ ለገቢዎች ሲቀርብ ወጪ አይባልም።

ርካሹ ሁልጊዜ አይረክስም። ለአብነት ያህል፣ ባልና ሚስት 900 ብር በሆነ ክፍል አደሩ እንበል፤ ቁርስ ውጭ በሉ፣ መኪናቸውን ሌላ ግቢ ከፍለው አሳደሩ፣ ወደ ሐይቁ በባጃጅ ተመላለሱ። ይህ ሁሉ 600 ብር ከጠየቃቸው ጠቅላላው 1,500 ነው። ቁርስና ማቆሚያ ያለው፣ ለሐይቁ በእግር የሚቀርበው፣ ታክሱን ጨምሮ 1,400 ብር የሆነው ክፍል ረክሶ ተገኘ። ብቻውን የመጣ፣ መኪና የሌለው፣ ጠዋት በሻይና በዳቦ የሚወጣ ሰው ግን 900ውን ቢይዝ አልተሳሳተም። ጀልባም ሲሆን ሒሳቡ እንዲሁ ነው፤ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄደው ጀልባ የሚከራየው በአብዛኛው በሙሉው ነውና ሁለት ሆኖ መሄድና ስድስት ሆኖ መሄድ በነፍስ ወከፍ ሲመታ ሰማይና ምድር ነው።

ጊዜም ዋጋ ነው። በጥምቀት፣ በፋሲካ ሰሞንና በምረቃ ሳምንት ያለ ቀጠሮ የመጣ ሰው የቀረለትን ነው የሚይዘው። ጢስ እሳትን ለማየት የሚመጣ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይምጣ፤ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በበጋ የሳሳ ውኃ ማየት ኪሳራ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መንገዱ ሲሠራ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ጊዜው ቢያበቃም ግጭቱ አብሮ አላበቃም። በኮሮና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በሰሜኑ ጦርነት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሲንገዳገድ የቆየው የባሕር ዳር ሆቴል ገበያ ሦስተኛውን ምት የቀመሰው ያኔ ነው። ለተጓዡ ይህ የአልጋ ምርጫን መልክ ቀይሮታል፤ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ወሬ ማጣራት፣ ቀን መግባት፣ ከወረደበት ቦታ የማይርቅ ቤት መያዝ፣ ቀጠሮ ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ በስልክ መጠየቅ ከሐይቅ ዕይታ ይቀድማሉ። አቅም ያለው በአውሮፕላን ይገባል። የሚያርፍበት አየር ማረፊያ የደጃዝማች በላይ ዘለቀን ስም ይዟል፤ ቢቸናዎች የራሳቸው ጀግና ደጃፍ ላይ ነው የሚወርዱት።

ለባለሀብቱ ጥያቄው ሌላ ነው። ፎቅ በባንክ ብድር ይቆማል፤ ወለዱ እንግዳ መጣ አልመጣ አይልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሊፍቱም፣ የጀነሬተሩ መለዋወጫም፣ የመታጠቢያ ቤቱ ዕቃም በብር ሲመነዘር ዋጋው ሌላ ሆኗል። በ2007 ዓ.ም. ከዓለም የቱሪዝም ድርጅት ጋር በተጀመረው የኮከብ ምደባ ምክንያት ብዙ ባለሆቴል ወደ ላይ መውጣትን ብቻ አልሞ ነበር። ይሁን እንጂ ቱሪስቱ ሲቀር ሆቴልን የሚያኖረው የሚመላለሰው የአገር ሰው ነው፤ እርሱ ደግሞ የሚፈልገው ንጹሕ አንሶላ፣ የማይቋረጥ ውኃ፣ አጎበርና ደረሰኝ ነው። በከፍተኛው መደብ በኩል ከሰሜኑ ዳርቻ ተፎካካሪ መጥቷል፤ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ይፋ በሆነው ገበታ ለሀገር ጎርጎራ ላይ ሪዞርት ተገንብቷል።

የመጀመሪያውን ረድፍ መሬት የሚያይ ሰው ውኃውንም ይይ። ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ጣና ላይ የታየው እንቦጭ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ክፉኛ ሲያጠቃ ኖሯል፤ ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ስለተመዘገበም ዳርቻው እንደ መሀል ከተማ ቦታ እንዳሻ የሚገነባበት አይደለም። መስኮቱ ሐይቁን ያሳያል ተብሎ ለአንድ ክፍል የሚጠየቀው ጭማሪ፣ ክፍሉ መሬት ላይ ሆኖ ከፊቱ ደንገል ከበቀለ፣ የሚከፈለው ደንገል ለማየት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለውን መጠየቅ ይሻላል፤ ሊፍቱ የሚሠራ ከሆነ።