የታሰረ ጭድ ናሙና አወሳሰድ

በአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ በኮምባይነር ሲታጨድ ጭዱ ማሳው ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። ዛሬ በማሽን እየታሰረ በመኪና ይሸጣል። እናንተ ሞዴል አርሶ አደሮች አንዳንዴ ሻጭ፣ አንዳንዴ ገዢ ናችሁ። በሁለቱም ወገን የሚያከራክረው የእስሩ፣ ገበያ ላይ ቤል የምንለው፣ ውስጡ ምን ይመስላል የሚለው ነው።

እስሩን ከውጭ ፀሐይና ነፋስ በጥቂት ቀን ያደርቁታል። ልቡ ግን የታሰረበትን ቀን ርጥበት ይዞ ይቆያል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ያልተጠበቀ ዝናብ ያገኘው፣ ወይም ጤዛው ሳይነሳ በማለዳ የታሰረ ጭድ ላዩ ወርቅ መስሎ ውስጡ ይሞቃል፣ ይሻግታል። የሻገተ መኖ የክልስ ላምን ወተት ይቀንሳል፤ እርጉዟን እስከማስወረድ ሊያደርስ ይችላል። በገንዘብም ጉዳት አለው። 200 እስር፣ እያንዳንዱ 15 ኪሎ ቢሆን፣ 3,000 ኪሎ ነው። ርጥበቱ 12 በመቶ ከሆነ ደረቁ ጭድ 2,640 ኪሎ፣ 25 በመቶ ከሆነ ግን 2,250 ኪሎ ብቻ ነው። ልዩነቱ 390 ኪሎ ውሃ ነው፤ በጭድ ዋጋ ተከፍሎበታል።

ስለዚህ ከመኪናው በር አጠገብ አንድ እስር ስቦ፣ አንድ እፍኝ ነጭቶ መፍረድ አይበቃም። በእጅ ሲነጩ ረጅሙ አገዳ ይወጣል፤ የተሻለ መኖነት ያለው ቅጠሉና ደቃቁ ይረግፋል። ውጤቱም የእናንተን ጭድ አይወክልም።

አስቀድማችሁ ክምሩን ለዩ። ከአንድ ማሳ፣ ከአንድ ሰብል፣ በተቀራረቡ ቀናት የታሰረው አንድ ምድብ ነው። የስንዴና የገብስ ጭድ በአንድ ናሙና አይቀላቀልም። መሬት የነካው የታችኛው ድርድርና ዝናብ ያገኘው የላይኛውም ለብቻቸው ይታዩ፤ ከደረቁ ጋር ሲደባለቁ አማካዩ ደህና መስሎ ጉዳቱን ይደብቃል።

ከአንድ ምድብ 20 እስር ምረጡ፤ ከ20 በታች ከሆነ ሁሉንም ውሰዱ። 200 ካለ በየ10ኛው ይሁን። የመጀመሪያውን ከ1 እስከ 10 ባለው ቁጥር ዕጣ አውጡ። ቀላሉ ጊዜ መኪናው ሲራገፍ ነው፤ ክምሩ መሃል ያለው የሚገኘው ያኔ ነው። ተራው የደረሰውን «ይሄ አያምርም» ብሎ መዝለል፣ ወይም ሆን ብሎ መጥፎውን መፈለግ፣ ሁለቱም ናሙናውን ያበላሻል። እዚህ ላይ ሻጭና ገዢ አብረው ቢቆሙ ኋላ ጭቅጭቅ አይኖርም።

መውሰጃው ጫፉ የተሳለ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ርዝመትና 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የብረት ቱቦ ነው፤ ብየዳ ቤት ያሠራችኋል። ቱቦውን ከእስሩ ጠባብ ጫፍ፣ ከመሃሉ ቀጥ አድርጋችሁ እያዞራችሁ አስገቡ። ከጎን አታስገቡ። ማሽኑ ጭዱን የሚያስረው ንጣፍ በንጣፍ እየጠቀጠቀ ስለሆነ፣ ከጫፍ የገባ ቱቦ ብዙ ንጣፍ ያቋርጣል፤ ከጎን የገባው ግን ከአንድ ሁለት አያልፍም። ቱቦውን ስትነቅሉ ከጋለ እዚያው ምልክት አድርጉበት፤ ያ እስር ከክምር ይወገድ፣ ራሱን አሙቆ እሳት እስከማስነሳት ይደርሳልና። የሻገተ ስትከፍቱ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።

ከ20ው የወጣውን ሁሉ በአንድ ንጹሕ ባልዲ ሰብስቡ፤ ደቃቁን ሳታራግፉ ሙሉውን ወዲያው በወፍራም ፕላስቲክ አስገብታችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁ እሰሩ። ፀሐይ ላይ ከቆየ ርጥበቱ ይለወጣል። ላቦራቶሪ እስኪደርስ ቀናት የሚፈጅ ከሆነና የሚመረመረው ሻጋታ ከሆነ በወረቀት ከረጢት ይሁን፤ ፕላስቲክ ውስጥ ሻጋታው ይባዛል። ሰብሉን፣ ማሳውን፣ የታሰረበትንና ናሙናው የተወሰደበትን ቀን፣ የእስሩን ብዛት ጽፋችሁ አያይዙ።

ላቦራቶሪው በ105 ዲግሪ አድርቆ ይመዝነዋል። 200 ግራም ሆኖ ገብቶ 166 ግራም ከቀረ ርጥበቱ 17 በመቶ ነው። ከ15 በመቶ በታች የሆነውን ከዝናብ ጠብቃችሁ መከመር ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ የሆነውን አየር እንዲያገኝ አራርቃችሁ ደርድሩ፣ ወይም ቀድማችሁ አብሉ። በዩሪያ ለማከም ካሰባችሁም ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ የሚታሰበው ለደረቅ ጭድ ነው፤ ርጥበቱን ሳታውቁ መጠኑንም ውሃውንም አትለኩ።