ማሩ፣ ጦስኙና ደረቅ ሳሉ

በአምቦ መንገድ ላይ ባለችው ሳንሱሲ ብርድ ሲበረታ፣ ደረቅ ሳል የያዘው ብዙ ሰው ከፋርማሲ በፊት ጉሊት ይወጣል። ጦስኝ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ይገዛል፤ አፍልቶ በማር ይጠጣል። ሁሉም አብረው ስለሚጠጡ ያስታገሰው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። የጉንፋን ሳል ደግሞ ብዙውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ስለዚህ «ጠጥቼ ዳንኩ» የሚለው ቃል ከልብ ቢሆንም፣ ካልጠጣው ሰው ጋር ካልተነጻጸረ ማስረጃ አይሆንም።

በደንብ የተነጻጸረው ማሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፔንሲልቬንያ ውስጥ በ105 ልጆች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ከመኝታ ግማሽ ሰዓት በፊት ማር የቀመሱት ምንም ካልወሰዱት ይልቅ ሳላቸው ቀንሶ አድሯል። ለትንንሾቹ የተሰጠው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት 899 ልጆች የተሳተፉባቸውን 6 ጥናቶች መርምሮ፣ ማር ዝም ብሎ ከመተው እንደሚሻልና በሳል ሽሮፕ ውስጥ ካለው ዴክስትሮሜቶርፋን ብዙም እንደማይለይ ደምድሟል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር ማላስ እንኳ አይገባም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

ጦስኝ ተስፋ ይጣልበታል። ታይሞል የሚባል ጀርም የሚገታ ንጥረ ነገር አለው። ነገር ግን ጀርመን ውስጥ በሰው ላይ የተሞከረው የአውሮፓው ዝርያ ነው፤ የተሞከረውም ተጨምቆ ከሌላ ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ፣ በዋናነት አክታ ላለው ሳል ነው። የእኛ ደጋ ጦስኝ በሻይ መልክ ለደረቅ ሳል ስለመሥራቱ ከዚያ መደምደም አይቻልም። ሞቅ ያለው ሻይ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ መጠጣቱን አልቃወምም። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ጤና አዳም ባትጨምርበት ይሻላል፤ ማህፀንን ሊያኮማትር ይችላል። የባሕር ዛፍ እንፋሎት መታጠንም ልጆችን በፈላ ውሃ ሊያቃጥል ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቅጠሉ የሚያዘገየው ምርመራ ነው። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ደረቅ ሳል ከያዘው፣ ምክንያቱ ራሱ መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። በራሱ ፈቃድ ሳያቋርጥ ለሐኪሙ ቢነግር ይቀየርለታል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ደግሞ፣ ጉንፋን ቢመስልም፣ ለቲቢ መመርመር አለበት። የሌሊት ላብ፣ ክሳት ወይም በአክታ ደም ከታየ ሁለት ሳምንቱንም መጠበቅ አያስፈልግም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው።